ከቤት የጎደለው ሰው በቁጥር ውስጥ የት ይገኛል?

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ውርጌሳ ሲደርስ ሐብሩ ወረዳ ገብቷል። በስተ ግራው የአምባሰልና የጉባ ላፍቶ ተራሮች ይታዩታል፤ በስተ ቀኙ ደግሞ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ቆላ ወደ አፋር ምድር እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ከዚያ የወረዳው መዲና መርሳ ትመጣለች፤ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልድያ ይደረሳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች አሉ። ጥቂት የማይባሉት የተሠሩት በሳውዲ ዐረቢያ ተሠርቶ በተላከ ገንዘብ መሆኑን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እስቲ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ቤቱ ለምሳሌ ያህል የቀረበ እንጂ የማንም የታወቀ ሰው ቤት አይደለም። አንዲት መረጃ ሰብሳቢ መጠይቋን ይዛ ደጃፍ ትደርሳለች።

«እናቴ፣ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«ሰባት ነን፣ ልጄ።»

«ትናንት ሌሊት እዚህ ያደሩትስ?»

እናት ጥቂት ዝም ይሉና «አራት» ብለው ይመልሳሉ።

ሦስቱ የት ሄዱ? ታላቁ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ጂዛን ሄዷል። ሴት ልጃቸው ጅዳ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። ሦስተኛው ከቤት ከወጣ አራት ወሩ ነው፤ ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

እናት ሰባት ሲሉ አልዋሹም። መጠይቁም አራት ብሎ ሲመዘግብ አልተሳሳተም። ሁለቱ መልሶች የሚለያዩት የተጠየቀው ጥያቄ ስለተለያየ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህንኑ ነው፤ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሥራና ስለ ፍልሰት የሚነገሩን አገራዊ ቁጥሮች እንዴት ይገኛሉ? ከቤት የጎደለውንስ ሰው የት ያደርጉታል?

ቆጠራና የናሙና ጥናት

የአንድ አካባቢ ሕዝብ ቁጥር የሚለወጠው በአራት ነገሮች ብቻ ነው፤ በልደት፣ በሞት፣ በመግባትና በመውጣት። ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው መደመርና መቀነስ ነው። አስቸጋሪው እያንዳንዱን ቁጥር ማግኘቱ ነው።

በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ ሲመዘግብ የ1999ኙ 73.75 ሚሊዮን መዝግቧል። በዚሁ በሦስተኛው ቆጠራ የሰሜን ወሎ ዞን ሕዝብ 1,500,303 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከአሥር ሰው አንድ ያህል ብቻ ነው። ወልድያ 46,139 ነዋሪዎች ነበሯት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። ይሁን እንጂ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፎ እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ አንድ የመርሳ ተማሪ ስለ ወረዳው ሕዝብ የሚያነበው የቆጠራ ቁጥር እርሱ ከመወለዱ በፊት ወይም ገና በሕፃንነቱ የተሰበሰበ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሱት አኃዞች በስሌት የተገመቱ ናቸው።

በቆጠራዎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት የናሙና ጥናቶች ናቸው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም.፣ በአነስተኛ ደረጃ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ተካሂዷል። የሥራ ኃይል ጥናትም በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተከናውኗል፤ የመጨረሻው ፍልሰትንም የሚያካትት ነበር። እነዚህን የሚያስተባብረው ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ይባል የነበረውና አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ነው።

ናሙና የሚወሰድበት መንገድ ለሳይንስ ተማሪ ትምህርት ይሰጣል። የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንመልከት። በ1999ኙ ቆጠራ አገሪቱ በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 645ቱ በዕጣ ተመረጡ፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ቦታ 28 ቤተሰቦች ተለዩ። በመጨረሻ 16,650 ቤተሰቦችና ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 15,683 ሴቶች መልስ ሰጡ። ወጥ ጣዕም ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጨለጥ አያስፈልግም፤ በደንብ ከተማሰለ አንድ ማንኪያ ይበቃል። «ማማሰሉ» እዚህ ላይ ዕጣው ነው።

ነገር ግን አንዱ ማንኪያ የድስቱን እንጂ የእያንዳንዱን የሽንኩርት ክታፊ ጣዕም አይነግረንም። የኢትዮጵያ ወረዳዎች ቁጥር ከ645 ይበልጣል፤ ስለዚህ ከዕጣው ምንም ቦታ ያልደረሳቸው ወረዳዎች መኖራቸው የግድ ነው። ለሐብሩ አንድ ቦታ ደርሷት ቢሆን እንኳ በ28 ቤተሰቦች ውስጥ የሚገኙት ለመውለድ ዕድሜ የደረሱ ሴቶች 26 ያህል ቢሆኑ ነው። እነዚህ በሦስት ዓመት ውስጥ 10 ልጆች ወልደው ቢገኙ፣ በዕድል መዋዠቅ ብቻ እውነተኛው አማካይ ከ5 እስከ 18 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ የወረዳ ዕቅድ አይቆምም። «በአማራ ክልል ይህን ያህል» የሚል አኃዝ ስናነብ «በመርሳም ይህን ያህል» ብለን ወዲያው መተርጎም የማይገባን ለዚህ ነው።

የወሊድ ምጣኔ ምን ይለናል?

ስለ ወሊድ ከሚነገሩት ልኬቶች ሁሉ የታወቀው አጠቃላይ የወሊድ ምጣኔ ነው። አንዲት ሴት በጥናቱ ወቅት በየዕድሜው የታየውን የወሊድ ልክ ተከትላ እስከ 49 ዓመቷ ብትኖር በጠቅላላው ስንት ልጅ ትወልዳለች? መልሱ ምጣኔው ነው። አሰላሉም ቀላል ነው። ሴቶቹ በአምስት አምስት ዓመት በሰባት የዕድሜ ክፍሎች ይመደባሉ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል በዓመት ከ1000 ሴቶች ስንት ልጅ እንደተወለደ ይሰላል። ለምሳሌ ያህል ሰባቱ አኃዞች 80፣ 200፣ 220፣ 180፣ 120፣ 60 እና 20 ቢሆኑ ድምራቸው 880 ነው። ይህን በ5 አባዝተን ለ1000 ብናካፍል 4.4 ልጅ እናገኛለን።

በ1982 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብና የወሊድ ጥናት የአገሪቱ ምጣኔ 6.4 ነበር። በ1992 ዓ.ም. ወደ 5.5፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 4.8፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 4.6 ወረደ። የአማራ ክልል ጉዞ ከዚህ ፈጠን ያለ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. 5.9 የነበረው በ1997 5.1፣ በ2003 4.2፣ በ2008 3.7 ሆኗል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ 1.8 ሲሆን የሶማሌ ክልል 7.2 ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ከአንድ የቆየ ሰነድ ጋር ብናስተያያቸው ትርጉማቸው ይጎላል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያኔ 7.7 ይሆናል ተብሎ የተገመተውን ምጣኔ በ2007 ዓ.ም. ወደ 4 ገደማ ለማውረድ አቅዶ ነበር። አገሪቱ በአማካይ ግቡ ላይ አልደረሰችም፤ የአማራ ክልል ግን አልፎት ሄዷል። ለዚህም የእርግዝና መከላከያ መስፋፋት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌ መውረድ፣ የሴቶች ትምህርትና የጋብቻ ዕድሜ ከፍ ማለት በአንድነት አስተዋጽኦ አድርገዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ካገቡት ሴቶች መከላከያ የሚጠቀሙት በ1992 ዓ.ም. 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 41 በመቶ ደርሰዋል።

የትናንቱ ልደት የዛሬው ሥራ ፈላጊ ነው

ታዲያ ወሊድ ከቀነሰ የወልድያና የመርሳ ወጣት ሥራ ለማግኘት ስለምን ይቸገራል? መልሱ በዕድሜ ውስጥ ተሰውሯል። ዛሬ 25 ዓመት የሞላው ወጣት የተወለደው ምጣኔው ከ5 በላይ በነበረበት ዘመን ነው። የወሊድ መቀነስ መጀመሪያ የሚታየው በአንደኛ ክፍል መማሪያ ወንበሮች ላይ ነው፤ ወደ ሥራ ገበያ የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 ዓመት ዘግይቶ ነው። ከዚህም በላይ የትናንቶቹ ብዙ ሴት ልጆች ዛሬ እናቶች በመሆናቸው፣ እያንዳንዷ የምትወልደው ቢያንስም የሚወለዱት ሕፃናት ጠቅላላ ቁጥር ለጊዜው ከፍ እንዳለ ይቀጥላል። የሥነ ሕዝብ ሊቃውንት ይህን የሕዝብ ዕድገት ግፊት ይሉታል፤ ፍሬን የተያዘበት የጭነት መኪና ወዲያው እንደማይቆም ማለት ነው።

በገጠር ደግሞ መሬት አለ። በክልሉ ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ሰፊ የመሬት ሽግሽግ አልተካሄደም። ከዚያ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰ የሐብሩ ወጣት መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው በውርስ፣ በኪራይ ወይም በእኩል አራሽነት ነው። አባት አራት ጥማድ ቢኖራቸውና ለአምስት ልጆች ቢያካፍሉ ለአንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሰውም።

ሥራ አጥ ማን ነው?

በ2005 ዓ.ም. የሥራ ኃይል ጥናት መሠረት በአገሪቱ የሥራ አጥነት ምጣኔ 4.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በከተማ ግን 16.5 በመቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አገር አቀፉ አኃዝ 8 በመቶ ሆነ። 4.5 በመቶ የሚለውን ቁጥር ያየ ሰው ኢትዮጵያ ከብዙ የበለጸጉ አገሮች የተሻለች ናት ብሎ ሊደመድም ይችላል። ድምዳሜው የሚሳሳተው ከትርጉም የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 በጄኔቭ የተሰበሰቡት የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በተስማሙበት መመሪያ መሠረት፣ በተወሰነው ሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ የሠራ ሰው «ሠራተኛ» ይባላል። በአባቱ እርሻ ያለ ደመወዝ የሚያግዝ ወጣትም እንዲሁ። በማሽላ ጥበቃ ወቅት ወፍ ሲያባርር የዋለ የሐብሩ ወጣት በመዝገብ ሥራ አለው፤ በኪሱ ግን ሳንቲም የለም። በእንዲህ ዓይነት ኢኮኖሚ ችግሩን የሚያሳየው ሥራ አጥነት ሳይሆን ጎዶሎ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አዲሱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ለራስ ፍጆታ ብቻ የሚያመርተውን ለክፍያ ወይም ለትርፍ ከሚሠራው ለይቶ እንዲመዘገብ ማድረጉ ከዚህ የተነሣ ነው። የሁለት ዘመናት አኃዞችን ስናነጻጽር ትርጉማቸው አንድ መሆኑን አስቀድመን ማረጋገጥ ይኖርብናል።

የሄዱት

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሥራ ኃይልና ፍልሰት ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ 839 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደ ውጭ አገር መሄዳቸውን ገምቷል። ዋነኛዋ መድረሻ ሳውዲ ዐረቢያ ነበረች። በጦርነቱ ምክንያት ትግራይ በጥናቱ አልተካተተም።

ሰሜን ወሎ፣ በተለይም ሐብሩና ራያ ቆቦ፣ በዚህ ፍልሰት ስማቸው ደጋግሞ ይነሣል። ሕጋዊው መንገድ በአውሮፕላን ነው። ሌላው መንገድ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል፤ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ የባብ ኤል መንደብን ባሕር ተሻግሮ የመን ይደርሳል፤ ከዚያም በጦርነት መካከል ወደ ሳውዲ ድንበር ይዘልቃል። ጥምና ረኀብ፣ የጀልባ መስጠም፣ ገንዘብ ለማስከፈል የሚያሠቃዩ አጋቾች የዚህ ጉዞ የታወቁ አደጋዎች ናቸው። የደረሰውም አይደላደልም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። የኢትዮጵያ መንግሥትም በዚያው ዓመት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ።

አሁን ወደ መርሳው ቤት እንመለስ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለቃለ መጠይቅ የሚመርጣቸው ሌሊቱን በቤቱ ያደሩትን ሴቶች ነው፤ ጅዳ ያለችው ልጅ ስለዚህ የለችም። የፍልሰት ጥናቱ ስለ ሄዱት ይጠይቃል፤ ሦስቱም በአምስት ዓመት ውስጥ የወጡ ከሆኑ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ነገር ግን መልሱን የሚሰጠው የቀረው ሰው ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ተነቅሎ ቢሄድ በሩን የሚከፍት የለም፤ ለሚቀጥለው ጥናትም ቤቱ «ሰው የሌለበት» ይሆናል። ከኦቦክ ወዲህ ድምፁ የጠፋው ልጅስ? እናት «ሳውዲ» ቢሉ ፈላሽ ተብሎ ይመዘገባል። በሕይወት መኖሩን ግን ያ መዝገብ አይመሰክርም።

ማንም ሳይጠቀም የሚሻሻል ቁጥር

የጎደሉት ሰዎች የቀሩትን ሰዎች ቁጥር ይለውጣሉ። ሁለት ምሳሌዎችን እንሥራ፤ አኃዞቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

በአንድ ቀበሌ 100 ወጣቶች በሥራ ገበያ ውስጥ አሉ እንበል፤ 20ዎቹ ሥራ የላቸውም። የሥራ አጥነት ምጣኔው 20 በመቶ ነው። ከሥራ አጦቹ 10ሩ ወደ ሳውዲ ቢሄዱ 90 ይቀራሉ፤ ከእነርሱም ሥራ አጦቹ 10 ናቸው። ምጣኔው ወደ 11.1 በመቶ ወረደ ማለት ነው። አንድም የሥራ ቦታ አልተፈጠረም፤ ሪፖርቱ ግን ደስ የሚያሰኝ ነው። በዓመቱ አሥሩም ተባርረው ቢመለሱ ምጣኔው ተመልሶ 20 በመቶ ይሆናል፤ ይህን ጊዜ ደግሞ አንድም ሥራ ሳይዘጋ ኢኮኖሚው የተበላሸ ይመስላል።

ሁለተኛው ምሳሌ በወሊድ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት የሆኑ 1000 ሴቶች አሉ እንበል። 700ው ባለትዳር ሲሆኑ በዓመት 210 ልጆች ይወልዳሉ፤ 300ው ግን አላገቡም፤ አልወለዱምም። የክፍሉ ልክ ከሺህ 210 ነው። ካላገቡት 150ዎቹ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር ቢሄዱ የቀሩት 850 ይሆናሉ፤ የሚወለዱት ልጆች ግን ያው 210 ናቸው። ልኩ ወደ 247 ከፍ ይላል። በ5 ሲባዛ ይህ ክፍል ለአጠቃላይ ምጣኔው የሚያዋጣው ከ1.05 ወደ 1.235 ያድጋል። አንድም ተጨማሪ ሕፃን ሳይወለድ የአካባቢው የወሊድ ምጣኔ በ0.2 ልጅ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። በአንጻሩ የሚሄዱት ባሎች ቢሆኑ ምጣኔው ዝቅ ይላል፤ የቤተሰብ ዕቅድ ትምህርቱ ፍሬ ያፈራም ይመስላል።

ከዚህ የምንማረው ወሊድ፣ ሥራና ፍልሰት በሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ቢታተሙም አንድ ነገር መሆናቸውን ነው። አንዱን ለብቻው የሚያነብ ሰው ይሳሳታል።

በዚህ ላይ የቅርብ ዓመታት ክሥተቶች ተጨምረዋል። ወልድያ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ በጦርነቱ ውስጥ አለፈች፤ ብዙ ነዋሪዎቿም ተሰደዱ። በሐብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው ቦታ ደግሞ ከሌላ አካባቢ ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ተቋቋመ። ልጆቿን ወደ ባሕር ማዶ የምትሸኘው ወረዳ ራሷ የሌሎች ተፈናቃዮች ማረፊያ ሆነች። ከዚያ በፊት በወጣ የቤቶች ዝርዝር ላይ በመመሥረት በመጠለያ ድንኳን የሚያድረውን ሰው በናሙና ማግኘት አይቻልም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ እጅግ ብዙ ወሎዬ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች በሠፈራ መሄዱን ያስታወሰ ሰው፣ የወሎን ሕዝብ መቁጠር ምንጊዜም ቀላል ሥራ እንዳልነበረ ይረዳል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ያልነው የናሙና ጥናቶች ዋጋ የላቸውም ለማለት አይደለም። እነርሱ ባይኖሩ የአማራ ክልል ወሊድ በ16 ዓመት ውስጥ ከ5.9 ወደ 3.7 መውረዱን ማንም አያውቅም ነበር። ቁጥር የሚጠቅመው ግን የተወለደበትን ጥያቄ ለሚያውቅ አንባቢ ነው። አንድ አኃዝ በጋዜጣ፣ በሪፖርት ወይም በመማሪያ መጽሐፍ ሲቀርብልን አራት ነገሮችን እንጠይቅ፤ ማን ተጠየቀ? ማን አልተጠየቀም? ቃሉ እንዴት ተተረጎመ? በስተ ታች ያለው አካፋይ ቁጥር ማንን ይዟል?

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል በሚቀጥሉት ዓመታት መጠይቅ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩ ይኖራሉ፤ ስታቲስቲክስ አጥንተው ሠንጠረዡን የሚያዘጋጁም ይኖራሉ። ምናልባትም አንዳንዶች፣ የክፍል ጓደኞቻቸው እንዳደረጉት፣ ከደላላ ጋር መነጋገር ጀምረው ይሆናል። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ የምንለው ቢኖር፣ ከሳውዲ የሚመጣው ወሬ ራሱ ናሙና መሆኑን እንዲያስቡት ነው። ቤት ያሠራው ይታያል፤ ስሙም በሠፈሩ ይጠራል። በባሕር የቀረው ግን ለማንም መልስ አይሰጥም። የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ መንገዱን መመዘን ከሁሉ የከፋ የናሙና ስሕተት ነው።

በመርሳው ቤት ያሉት እናት ዛሬም ስንት ናችሁ ቢባሉ ሰባት ይላሉ። አገሪቱ ቀጣዩን ቆጠራ ስታካሂድ አራቱን በትክክል እንድትመዘግብ፣ ስለ ሦስቱም እንድትጠይቅ እንመኛለን።